ከሮቃው ሥር የጠፋችው ወረቀት

ባለፈው ሳምንት ከቤቴ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ዳር የብረት ቋሚዎች ተተከሉ። በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ትልቅ የፕላስቲክ ሸራ ተወጠረ። ሸራው ላይ ዙሪያውን መስታወት የሆነ ሰፊ ሱቅ፣ ጋሪ እየገፉ የሚገበያዩ ሰዎች፣ ከበሩ ፊት ደግሞ ድሬዳዋ ውስጥ በቅሎ የማያውቅ ለምለም ሣር ተስሎበታል። የሮቃው ዛፍ ግን በሥዕሉ ውስጥ የለም። ዛፉ ከሸራው ጀርባ እንደ ወትሮው ቆሟል፣ ጠዋት ጠዋት ወፎቹ ይንጫጩበታል። ሥዕሉን የሣለው ሰው አላየውም።

ደጃፌ ላይ ቆሜ ብዙ አየሁት። አልደነገጥኩም፤ አዲስ ነገር አልነበረማ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ ለዚሁ ሜዳ፣ እንዲሁ ዛፍ የሌለበት ሥዕል መጥቶልን ነበር። ያኔ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስለዚያ ጊዜ ሰፈሩ የሚያወራውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ሠርግ ቤት ሲወራ ሰምቻለሁ፣ ለቅሶ ቤት ሲወራ ሰምቻለሁ፤ መኖሬን ረስተውም፣ መኖሬን አውቀውም ሲያወሩት ሰምቻለሁ። እኔ ግን አንድም ቀን አፌን ከፍቼ አልመለስኩም። ዝም ማለት የማውቅ ሰው ነኝ። ዝም ያለ ሰው ግን ረስቷል ማለት አይደለም።

አሁን የምናገረው ሸራው በተሰቀለ ማግስት አንዲት ልጅ በሬን ስላንኳኳች ነው። ኢክራም ትባላለች፤ የአደ ሐዋ የልጅ ልጅ ናት። አደ የምንለው በዕድሜ እናታችን ለምትሆን ሴት ነው። አደ ሐዋ ማን እንደነበረች እመጣበታለሁ፤ እንዲያውም ይህን ሁሉ የምጽፈው ለእሷ ስል ነው ማለት ይቻላል። ኢክራም የመጣችው ሁለት ነገር ይዛ ነበር። አንደኛው፣ ሱቁን በመቃወም ነዋሪው የሚፈርምበት ወረቀት ነው። ሁለተኛውን ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

ሰፈራችን ከደቻቱ ማዶ ነው። ደቻቱን ለማያውቅ ሰው ወንዝ ነው ቢሉት ይስቃል፤ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፣ ግመልና አህያ የሚሄዱበት። ቤቶቻችን ጣሪያቸው ቆርቆሮ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ቆርቆሮ ሥር መቀመጥ ክዳኑ የተገጠመ ድስት ውስጥ መቀመጥ ነው። ስለዚህ ከተማው ይዘጋል። አሁን በየቤቱ ቬንቲሌተር ስላለ ትንሽ ተለውጧል። ያኔ ግን ሰባት ሰዓት ሲሆን ሱቁ ሁሉ በሩን ያወርዳል፣ ወንዶቹ ጫታቸውን ይዘው ወደየበርጫቸው ይገባሉ፣ እኛ ደግሞ ሰሌናችንን ጠቅልለን ወደ ሮቃው ሥር እንሄዳለን። አራስ ከነልጇ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሽማግሌ፣ አሮጊት፣ ሁሉም እዚያ ነው። የዐስር አዛን፣ የከሰዓቱ የሶላት ጥሪ፣ እስኪሰማ ማንም ማንንም አይቀሰቅስም። በዚያ ሰዓት የሰው በር የሚያንኳኳ ካለ፣ ወይ ሰው ሞቷል ወይ ለአገሩ እንግዳ ነው።

እናቴ ጠዋትና አመሻሽ ላይ ከዚያው ዛፍ ሥር ባጅያ ትጠብስ ነበር። ጥራጥሬው ማታ ተዘፍዝፎ ያድራል፣ ጠዋት ይፈጫል፣ በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት ተለውሶ ዘይት ውስጥ ሲገባ ሽታው ደቻቱን ተሻግሮ ሰው ይጠራል። የሮቃውንም ፍሬ ትለቅምና ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ፣ ጨምቃ፣ ስኳር ጨምራ በብርጭቆ ትሸጣለች። የሮቃ ውኃ መጀመሪያ ፊት ያኮማትራል፣ ከዚያ አንጀት ያቀዘቅዛል። አባቴ ባቡር ላይ ይሠራ ነበር፤ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ሞተ። ከዚያ በኋላ ያበላን ያ ዛፍ ነው። የእማዬ መቀመጫ የዛፉ ሥር አብጦ ከመሬት ብድግ ያለበት ቦታ ነበር፤ ለእሷ ወገብ የተሠራ ይመስል ነበር። ከዚያ ከተነሳች ሌላ መሄጃ አልነበራትም። ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ከሁሉም በላይ እኔ አውቅ ነበር።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሥራ አጥቼ ተቀምጫለሁ። ጽሕፈቴ ያምራል ይባል ስለነበር ለሰፈሩ ሰው ማመልከቻና ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። የአደ ሐዋንም ደብዳቤ እጽፍ ነበር። እሷ ጨርቅ ነጋዴ ናት፣ ሰባት ልጅ ያሳደገች፣ ድምጿ ከወዲያ ማዶ የሚሰማ። ሰፈሩ ውስጥ የሆነ ነገር ሲመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የእሷን ፊት ነው። ይህን አልክድም። እውነት እውነቱን እናገራለሁ፤ የሰው ልብ የምትይዝ ሴት ነበረች።

ሜዳው ላይ ሊሠራ የታሰበ ሱቅ ወኪል ከአዲስ አበባ መጣ። ጥር ላይ፣ ድሬዳዋ ደስ በምትልበት ወር፣ ጠዋት በነፋሱ ሜዳውን ለክቶ ተመለሰ። ሱቅ ነው ተባለ፤ ስፋቱ ግን የመጋዘን። ከመርፌ እስከ ማቀዝቀዣ በአንድ ጣሪያ ሥር ይሸጣል አሉ። ጥግ ላይ ትንሽ ሱቅ የነበረው ሶማሌው ሐሰን ይህን ሲሰማ «መርፌስ እሺ፣ እኔም ማቀዝቀዣ ላምጣ ብል የት ልተኛ ነው፣ ላዩ ላይ?» ብሎ አሳቀን። ግን እሱም ፈርቶ ነበር። የጭነት መኪና የሚገባው በእኛ ጠባብ መንገድ ነው፤ ዛፉም ይቆረጣል።

ግንቦት ላይ የቀበሌው ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ወጣ። ነዋሪው በጉዳዩ ላይ እንዲወያይ ረቡዕ ከቀኑ በስምንት ሰዓት አዳራሽ እንዲገኝ ይላል። ስምንት ሰዓት። ወኪሉ የሌላ አገር ሰው ነው፣ ላያውቅ ይችላል። የቀበሌው ሊቀመንበር ግን የዚህ ከተማ ልጅ ነው፣ በዚህ ከተማ ስምንት ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። ስሙን አልጠራም፤ ሞቷል፣ ልጆቹ ደግሞ ደህና ሰዎች ናቸው።

ማስታወቂያውን አንብቤ ለአደ ሐዋ ነገርኳት። ከዛፉ ሥር ነበርን፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቧል።

«አንሄድም» አለች። «በስምንት ሰዓት የሚጠራን ሰው እንድንመጣ ፈልጎ አይደለም። አዳራሹ ባዶ ይሁንበት። ከማን ጋር ይፈራረማል? ከወንበር ጋር?»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

«አደ ሐዋ፣ ያልመጣው ሰው ተስማምቷል ብለው ቢጽፉስ?»

«አቦ ተይን እስቲ ዘሃራ። አሥራ ሁለተኛን ጨረስሽ ተብሎ ወረቀት ሊያስፈራራን ነው? ያልሄድኩበትን እንዴት ተስማማች ይሉኛል?»

ሌላው ሁሉ በእሷ ቃል ረጋ። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ለሁሉም ተስማምቷቸው ነበር። ተኝቶ መቃወምን የመሰለ ምን አለ? ዛሬም ቢሆን ይህን ከተማ ከምወድበት አንዱ ይኸው ጠባዩ ነው፤ በዚያ ረቡዕ ግን ሊያጠፋን ምንም አልቀረው።

እኔ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ደግሞ እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር አለ። ከስብሰባው ሁለት ቀን በፊት ወኪሉ ከእማዬ ዘንድ ሮቃ ሊጠጣ መጥቶ ነበር። እኔ ጎኗ ተቀምጬ ለአንድ ሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ጎንበስ ብሎ አየና «ጽሕፈትሽ ያምራል። ሱቁ ሲከፈት ካሸር እንፈልጋለን» አለኝ። እማዬ ሰምታለች። ብርጭቆውን አጠበች። እኔ ግን ያን ማታ ራሴን የደንብ ልብስ ለብሼ፣ ከቬንቲሌተር ሥር፣ የራሴ ወንበር ላይ ተቀምጬ አየሁት። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ልብሴ ሁሉ ዘይት ዘይት ይሸት ነበር። ረቡዕ ዕለት የሄድኩት ለመቃወም ነው ብል ግማሹን እውነት ነው የምናገረው።

መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም። ውሾቹ እንኳ ከቆሙ ጋሪዎች ሥር ገብተው ምላሳቸውን አውጥተዋል። አስፋልቱ ቀልጦ ጫማዬን ይይዘኛል። አዳራሹ ስደርስ አሥራ ሁለት ሰው ተቀምጧል። ግማሾቹን አላውቃቸውም፤ የማውቃቸው የሊቀመንበሩ ዘመዶች ናቸው፣ እነሱም የሌላ ሰፈር ሰዎች። የቀበሌው ጸሐፊ አልመጣም። እሱም የድሬ ልጅ ነው፣ ተኝቷል።

«ዘሃራ፣ እስቲ አንቺ ስም ዝርዝሩን ያዢልን» አለኝ ሊቀመንበሩ።

አሰመርኩ። ከላይ «የተሰብሳቢዎች ስም ዝርዝርና ፊርማ» ብዬ በጥሩ ጽሕፈት ጻፍኩ። መጻፍ ለማይችሉት ስማቸውን እኔ ጻፍኩላቸው። ወኪሉ ኮቱን አውልቆ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ የሱቁን ሥዕል ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ብዙ ተናገረ። ሲጨርስ እጄን አነሳሁ።

«ዛፉስ?»

«የቱ ዛፍ?» አለ። ማሾፉ አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ሥሩ ተቀምጦ ሮቃውን የጠጣ ሰው ነው። «አሃ፣ እሱ። እሱ ያለበት መኪና ማቆሚያ ነው የሚሆነው።»

«ሥሩ የሚተኛው ሰውስ?»

ሊቀመንበሩ ሳቀ። «ሰው ቤቱ ይተኛል እንጂ።»

ከዚያ እጅ እንኳ ሳያስወጣ «እንግዲህ ነዋሪው በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» አለ። እኔ አልተስማማሁም አልኩ። ሐሳብሽ ተመዝግቧል አለኝ፤ የሚመዘግብ ሰው ግን አልነበረም። ወረቀቷ ዞራ ዞራ እኔ ጋ ተመለሰች። አሥራ ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ብዕሩን ይዤ ሳለሁ ወኪሉ ጎኔ ቆሞ ቀስ ብሎ «ለሥራው ነገ ቢሮ ብቅ በይ» አለኝ።

ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። እጄ ቆመ። ከዚያ ከፊርማዬ ጎን በቀረው ባዶ ቦታ «ተቃውሞ አለኝ። ሰው የሌለበት ስብሰባ ነው።» ብዬ ጻፍኩና ወረቀቷን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ነገ የተባለው ቢሮ አልሄድኩም።

በሦስተኛው ቀን የቀበሌው ሰሌዳ ላይ በታይፕ የተመታ ወረቀት ተለጠፈ። ነዋሪው ተወያይቶ ተስማምቷል ይላል። ከሥሩ አሥራ ሦስት ስም ተደርድሯል፤ መጨረሻ ላይ የእኔ ስም አለ። ከስሜ ጎን የጻፍኩት ግን የለም። ሲታይፕ ቀርቷል።

የዚያን ቀን አመሻሽ ላይ ሐሰን ሱቅ ስኳር ልገዛ ሄድኩ። ሐሰን ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ።

«ናያ ዘሃራ፣ እኔ ጋ ምን አደከመሽ? ትልቁ ሱቅ ሲከፈት ከራስሽ ትገዢያለሽ።»

ናያ ሶማሌዎች ሴት ልጅን የሚጠሩበት ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲጠራኝ የኖረው በዚያ ነው፣ ያን ቀን ግን እንደ ድንጋይ መታኝ። ወደ ዛፉ ስመለስ አደ ሐዋ ሰው መሃል ተቀምጣለች።

«ይኸው መጣች» አለች። «ዘሃራ ፊርማ።»

«አደ ሐዋ፣ ከስሜ ጎን ተቃውሞ አለኝ ብዬ ጽፌያለሁ። ዋናዋ ወረቀት ላይ አለ።»

«እናትሽን ከሥሯ ለመንቀል ነው የጻፍሽው? ለወንበር ብለሽ? ወኪሉ ሥራ እንደሰጠሽ ያልሰማ ያለ መሰለሽ?»

ፊቴን አዙሬ ሄድኩ። መልስ አጥቼ አልነበረም። ከተናገረችው ውስጥ ትንሽ እውነት ስለነበረበት ነው። ሰው ሙሉ በሙሉ ውሸት ሲባልበት ይጮሃል፤ ትንሽ እውነት ስትገባበት ነው አንገቱን የሚደፋው። «ፊርማ» የሚለው ስም ከዚያን ቀን ጀምሮ ተጣበቀብኝ።

ማታ ቤት ስንገባ እማዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«ተቃውሞ አለኝ ብዬ።»

«በቃ» አለች። ባጅያውን ዘፈዘፈች።

በማግስቱ ለማዘጋጃ ቤት ማመልከቻ ጻፍኩ። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ እሱ ይበልጣል። ሜዳው ባዶ ቦታ አለመሆኑን፣ ስብሰባው ሰው በማይወጣበት ሰዓት መጠራቱን ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ «የምንለውን እውነት ለማየት ኃላፊው ስብሰባው በተጠራበት ሰዓት፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ ራሳቸው ይምጡልን» ብዬ ጨመርኩ። እማዬ ቀለም ያለው ስፖንጅ ይዛ አሻራና ፊርማ ለመሰብሰብ በየቤቱ ዞረች። አደ ሐዋ ዘንድ ስትደርስ በሩ አጠገብ ስለነበርኩ ሰማሁ።

«ማን ጻፈው?»

«ዘሃራ ናት።»

«ስሟ አለበት?»

«የለበትም።»

«እንግዲያው አምጪው» አለችና አውራ ጣቷን ነከረች።

ልብ በሉ። እኔ የጻፍኩት፣ ሰፈሩን ያዳነው ወረቀት ላይ የእኔ ስም የለም። የእኔ ስም ያለው ሰፈሩን ሸጠ በተባለው ወረቀት ላይ ነው።

የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ መጣ። ሰኔ ገብቶ ነበር። ገና ከደጋ ተዛውሮ የመጣ ወፍራም ሰውዬ፣ ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከመኪናው ወርዶ መጀመሪያ በር አንኳኳ። አንድ በር፣ ሁለት በር፣ ሦስት በር። ማንም አልከፈተለትም። ከዚያ ሰፈሩን ሊያይ ሲዞር ሮቃው ሥር ደረሰ። መንደሩ በሙሉ እዚያ ተኝቷል። ሰሌን በሰሌን ላይ፣ እግር ከራስ አጠገብ፣ ሕፃናቱ ራቁታቸውን።

አደ ሐዋ አንገቷን ቀና አደረገች። «ወንድሜ፣ ከፀሐዩ ግባ እንጂ። አንተ ሰው አይደለህም?»

ሰውዬው አንተ መባል ያልለመደ ነው፤ ፊቱ ተለወጠ። በድሬዳዋ አንቱታ ብዙ አንጨነቅበትም። አሽከርካሪው ሳቁን ዋጠ። ኃላፊው ግን ፀሐዩ ስላሸነፈው ገባና የአደ ሐዋ ሰሌን ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እማዬ ሮቃ ሰጠችው። እኔ ከግንዱ ወዲያ፣ ከሰው ነጠል ብዬ ተቀምጫለሁ።

ፋይሉን ከፈተ። «ስብሰባው በዚህ ሰዓት ነበር?»

«በዚሁ ሰዓት።»

«እዚህ አሥራ ሦስት ሰው ይላል።»

«አሥራ ሦስተኛዋ ያቻትልህ» አለች አደ ሐዋ በአገጯ እያመለከተች።

አየኝ። ጣቱ ወረቀቷ ላይ ነበር፤ የእኔን ሰማያዊ ቀለም ከሩቅ አየሁት። አሁን ያነበዋል፣ ጮክ ብሎ ያነበዋል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ብርጭቆውን ጨለጠ፣ ሁለተኛ አስቀዳ፣ ጫማውን አወለቀ፣ «ትንሽ ጎኔን ላሳርፍ» አለና ፋይሉን ሆዱ ላይ አድርጎ ተኛ።

እንቅልፍ ወሰደው። ሴቶቹ በሻሻቸው አፋቸውን ይዘው ይንፈቀፈቃሉ። እማዬ ዝንብ እንዳይነካው ፊቱን በነጠላ ሸፈነችው። አንድ ሰዓት ያህል አንኮራፋ፤ አራሷ ልጇን ቀስቅሶባት ተቆጣች። ከዐስር በፊት፣ እንደ ወትሮው፣ ከደቻቱ አቧራ የሚያመጣው ነፋስ ተነሳ። ፋይሉ ተከፈተ፣ ወረቀቱ በሜዳው ተበተነ። ያ ሁሉ ተኝቶ የነበረ ሰው ተነስቶ ወረቀት ያባርር ጀመር፤ አሮጊቶቹ ሳይቀሩ። ኃላፊው ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ጫማው ነው።

ወረቀቱን ሰብስበው ሰጡት። «ሙሉ ነው?» አለ። ማን ያውቃል። ጫማውን አስሮ ቆመና ዛፉን ከሥር እስከ ጫፍ አየው።

«ባዶ ቦታ ብለው ነው የጻፉልኝ» አለ። «ሱቁን ሌላ ቦታ ይሥሩት።»

ደብዳቤው ከሁለት ሳምንት በኋላ ወጣ። እኔ ግን ያመንኩት ያኔውኑ ነው። ከግንዱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። እማዬ መጥታ ሽንኩርትና ቢላዋ እጄ ውስጥ አስገባችልኝ፤ ሰው ሲያየኝ የሽንኩርቱ ነው እንድል። ያን አመሻሽ ላይ ያለቀው ባጅያ ለአምስት ቀን የሚበቃ ነበር። ሐሰን ለልጆች ከረሜላ በተነ። ከትከሻዬ ላይ የወረደውን ነገር ዛሬም በአካሌ አስታውሰዋለሁ፤ እማዬ ከሥሯ አልተነሳችም። ከዚያ በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት እዚያው ተቀምጣ ጠበሰች።

ዋናዋን ወረቀት ፍለጋ ቀበሌ ሄድኩ፣ ማዘጋጃ ቤትም ሄድኩ። ጸሐፊው ፋይሉን አገላብጦ የለችም አለኝ። ሌላው ሁሉ ወረቀት አለ፣ እሷ ብቻ የለችም። አደ ሐዋ ደግሞ «በእኔ ሰሌን ላይ ነው የተኛው፣ እኔ ነኝ ያስተኛሁት» እያለች ሰፈሩን ያዳነች እሷ ሆነች። እንግዳ ሲመጣ ታሪኩ ይነገራል፣ መጨረሻው ላይ «ዘሃራ ፊርማ» ይመጣል፣ ይሳቃል። ሊያገባኝ የፈለገ ሰው ቤተሰብ ሳይቀር ስለ ፊርማው ጠይቋል። ስለ ትዳሬ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ከዚያ ሰኔ በኋላ ግን ሰሌን ይዤ ሮቃው ሥር ሄጄ አላውቅም። ሠላሳ ግንቦት ቆርቆሮ ሥር ላቤን ጠርጌ አሳለፍኩ። ያዳንኩት ጥላ ለሁሉም ደረሰ፣ ለእኔ አልደረሰም።

አሁን ወደ ኢክራም። አደ ሐዋ ከረመዷን በፊት ሞተች፤ አላህ ይርሐማት። ልጅቷ የአያቷን ሣጥን ስታጸዳ ከልጆች የክትባት ካርድ ጋር በፌስታል የተጠቀለለች የታጠፈች ወረቀት አገኘች።

«አደ ዘሃራ፣ ይሄ ያንቺ ስም አይደል?»

መነጽሬን አደረግኩ። ወረቀቷ ቢጫ ሆናለች፣ ጥጓ ላይ የብርጭቆ ቅርጽ ያለው ቡናማ የሮቃ ክብ አለ። ከላይ የእኔ ጽሕፈት። አሥራ ሦስተኛው መስመር ላይ ስሜ፣ ፊርማዬ፣ ከጎኑ ደግሞ ኢክራም ጮክ ብላ ያነበበችው ቃል። ጽሑፉ ከማስታውሰው ይልቅ ትንሽ ነው፤ ቦታው ጠባብ ስለነበር ተጨናንቋል። ግን አለ።

«አያቴ ማንበብ አትችልም ነበር» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ። ማስነበብ ግን ትችል ነበር።»

ወረቀቷን መልሼ አጠፍኳት። አደ ሐዋ ወረቀቷን እኔን የምታጋልጥበት ማስረጃ መስሏት ሠላሳ ዓመት ጠበቀቻት? ወይስ ከሰባቱ ልጆቿ አንዱ አንብቦላት፣ አውቃ ደበቀቻት? ካወቀች ለምን አላቃጠለቻትም? አሁን የሚጠየቅ ሰው የለም። ኢክራም ይቅር በያት አለችኝ።

«ሻይ ትጠጫለሽ?» አልኳት።

ሻይ ጠጣች። ከዚያ ወረቀቷን በስልኳ አንስታ ሰፈሩ በሚጻጻፍበት ቡድን ላይ ላከችው። እኔ አልጠየቅኋትም። በማግስቱ ጠዋት በሐሰን ሱቅ በኩል ሳልፍ፣ ሽማግሌው ከወንበሩ ሳይነሳ «ናያ ዘሃራ፣ ጽሕፈትሽ ያኔ ያምር ነበር» አለኝ። አሁንም ያምራል አልኩት። አንድ ኪሎ ስኳር ገዝቼ ወጣሁ። ከእሱ ይቅርታ ብጠብቅ ከዚህ የበለጠ አላገኝም፤ በቂ ነው።

የኢክራምን ወረቀት ፈረምኩ። የሱቁ ስብሰባ መቼ ነው ብዬ ጠየቅኋት።

«ሐሙስ፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት።»

ሳቄ መጣ። ልጅቷ ምን እንዳሳቀኝ ሳይገባት አብራኝ ሳቀች። ከዚያ ነገርኳት። ሁሉም ሰው ይሂድ፤ አራሷም፣ ሽማግሌውም፤ ሰሌኑን ይዞ ሄዶ አዳራሹ ውስጥ ይተኛ ቢፈልግ። ሁሉም ከስሙ ጎን ተቃውሞውን ይጻፍ፣ መጻፍ ለማይችል ኢክራም ትጻፍለት። ወረቀቷ ከእጅ ሳትወጣ ደግሞ በስልክ ትነሳ።

ይህን ስጽፍ ሐሙስ ገና ነው። ዛፉ ይቆረጥ አይቆረጥ አላውቅም። ኢክራም ለጠየቀችኝ ይቅርታም መልስ አላገኘሁም፤ ምናልባት አንድ ቀን ይመጣል፣ ምናልባትም አይመጣም። ዛሬ ግን ከዙህር በኋላ የእማዬን አሮጌ ሰሌን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አወጣሁ፣ አቧራውን አራገፍኩ። ሸራው የተወጠረው በመንገዱ በኩል ብቻ ነው፣ በደቻቱ በኩል ክፍት ነው። በዚያ ገብቼ የዛፉ ሥር ብድግ ካለበት ቦታ አጠገብ አነጠፍኩ። ጥቂት ሴቶች ተኝተዋል። አንዷ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፣ እግሯን ሰብሰብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ፣ መልሳ ተኛች። ሮቃው ቅጠሉ ትንንሽ ነው፤ ፀሐዩ በመሃሉ እየተንጠባጠበ ፊቴ ላይ ይመጣል ይሄዳል። የዐስር አዛን ሲሰማ ተኝቼ ነበር፤ ማንም አልቀሰቀሰኝም።